ጤናዬ ደህና ናት

የአማኑኤል ዙሪያ ገበሬ ሰላምታ ለችኩል ሰው አይሆንም። «እንዴት ነህ?» የተባለ ሰው መጀመሪያ ስለ ሚስቱ ይናገራል፤ ከዚያ ስለ ልጆቹ፣ ከዚያ ስለ ከብቱ፤ ክረምት ከሆነም ስለ ዝናቡ ይጨምራል። የገዛ ሥጋው ወሬ የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው፤ እሱም ጠያቂው እስከዚያ ከቆመ። ራሱን ያስቀደመ ሰው ስግብግብ ይባላል። እንዳላማው ስግብግብ ተብሎ አያውቅም። ችግሩ ታዲያ የሚስቱ ስም ጤናዬ መሆኑ ነበር።

ካለፈው መኸር ወዲህ የእጆቹ አንጓዎች ጠዋት ጠዋት እንደ ደረቀ ጠፍር ይገተሩበታል። አብጠው፣ ግለው፣ ቡጢ መጨበጥ ይከለክሉታል። ቀኑ ሲረፍድ ላላ ይላሉ፤ ከሰዓት በኋላ ላየው ምንም የሌለው ሰው ይመስላል። ማለዳ ግን ጤናዬ ናት የሸሚዙን ቁልፍ የምትቆልፍለት። ቁርጥማት ነው ብሎ በቅቤ ታሸ፣ ጠበል ተጠመቀ፤ አልለቀው አለ።

ሰኔ ሊገባ ነው፤ ወንፈሉም ሊጀመር። በወንፈል ዛሬ ለአንዱ ያረሱ ነገ ለሌላው ያርሳሉ፤ የቀረ ሰው ማሳው ጦም ያድራል። ይህስ ባልከፋ። በዚያ አገር ሌባ የተባለ ታርቆ ይኖራል፤ ሰነፍ የተባለ ግን ከነስሙ ነው የሚቀበረው። እንዳላማው በበሬ ሳይሆን በክንዱ የሚታወቅ ሰው ነበር፤ አሁን እርፍ መጨበጥ አቅቶታል።

እናም ሐኪም ፍለጋ ደብረ ማርቆስ ወረደ።

የመጀመሪያው ሐኪም ከባለ መስታወቱ ፎቅ ላይ ተቀምጦ ስልኩን እንደ ዳዊት ይደግም ነበር። ቀና ሳይል ጤናው እንዴት እንደሆነ ጠየቀው። እንዳላማውም እንደ ወጉ ጀመረ፦ «ጤናዬ ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ልጆቹም…» ለሐኪሙ «ጤናዬ ደህና» የሚለው በቃው። ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈና ወሬው ከብቶቹ ጋ ሳይደርስ ወደ ደም ምርመራ ሰደደው። ሰባት ዓመት የሰው ገላ ሲያጠና የከረመ ሰው አንዲት «ት» መስማት ያቅተዋል? ያቅተዋል። ልብና ሳንባ የሚሰማበት መሣሪያ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ለአፍ የሚሆነው ገና አልተሠራለትም። ውጤቱ ሲመጣ «ነጻ ነዎት» አለው፤ የምሥራች እንደሚናገር ሰው።

ሁለተኛው ሐኪም ራጅ አስነሣው። ፎቶውን ወደ መስኮቱ አንሥቶ ዘለግ ላለ ጊዜ አየው። የእንዳላማው እጅ እዚያው ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሳለ የእጁን ፎቶ ያይ ነበር። እሱም ነጻ አለው። ሦስተኛው ደግሞ የሁለቱን ወረቀት አንብቦ ሲያበቃ፣ ነገሩ ጭንቀት ነው፣ ሐሳብ አያብዙ፣ ዕረፍት ያድርጉ ሲል መከረው፤ ለገበሬ፣ በሰኔ ዋዜማ። የዕውቀት ትዕቢት እንዲህ ነው፦ መሣሪያው ያላየውን ሕመም ታማሚው ፈጥሮታል ማለት ይቀለዋል፤ መሣሪያው አላየም ማለት ግን ሞት ይሆንበታል።

ነጻ የሚለው ቃል ከእሱ ቀድሞ አገር ገባ። የወንፈሉ አለቃ የጤናዬ ወንድም ደመላሽ ነው፤ ጉልበቱ ብርቱ፣ አፉ ከጉልበቱ የባሰ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ሰው ሁሉ በቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ጥላ እንደቆመ፣ «አያ እንዳላማው እኮ ነጻ ወጣ» አለ፤ «ከበሽታውም፣ ከእርፉም።» ሰው ሳቀ። እንዳላማውም አብሮ ሳቀ፤ ያ ሳቅ ከአንጓዎቹ ይልቅ አመመው።

ከዚያ ወዲያ ደብረ ማርቆስን ላለማየት ማለ። ጤናዬ ግን ከተማ ካለች የአጎቷ ልጅ ስለ አንዲት አዲስ ሐኪም ሰምታ ነበር። ካልሄደ ወንፈሉ ላይ እሷ ራሷ እርፍ ይዛ እንደምትወጣ ነገረችው። ያለችውን እንደማታስቀር ያውቃልና ሄደ።

ዶክተር መክሊትን ሲያያት ተስፋው ተሟጠጠ። ልጅ ናት፤ ንግግሯም የሸዋ ነው። እንደሌሎቹ ጤናው እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው።

«ጤናዬ ደህና ናት…» አለና በለመደው ቦታ ላይ አቆመ።

እሷ ምንም አልጻፈችም። «ናት?» አለች። «ጤናዬ ማናት?»

«ባለቤቴ ናት፣ ዶክተር።»

ፈገግ አለችና እጇን ከኮምፒውተሩ አነሣች። «እንኳን ደህና ሆነች። ልጆቹስ?»

ልጆቹ ደህና ናቸው። ከብቶቹ? አንዲቱ ላም ጨንግፋለች እንጂ ደህና ናቸው። ሰማዩም ደመና አሳይቷል። ሁሉንም ቁጭ ብላ አደመጠችው።

«እርስዎስ፣ ጋሽ እንዳላማው?»

እስከዚህ ድረስ አብሮት የመጣ ሐኪም አልነበረም። «እኔማ አልቄያለሁ» አለ።

እጆቹን ተቀብላ አገላበጠች። ከሰዓት በኋላ ስለነበር ላላ ብለዋል። ሌሎቹ ያዩዎት በስንት ሰዓት ነው ብትለው፣ ሁሉም ከምሳ በኋላ መሆኑን ነገራት። እንግዲያው ከተማ እንዲያድርና በማለዳ፣ እጁ ሳይፈታ፣ ማንም ሳያሸው እንዲመጣ አዘዘችው። የጤናዬ ዘመድ ቤት አደረ፤ በማለዳም የሸሚዙ ቁልፍ ሳይቆለፍ የሐኪም ቤቱ በረንዳ ላይ ቆሞ ዶክተሯ አገኘችው። ሁለት ጣቶቿን ዘርግታ ይጨብጡኝ አለችው። አልቻለም። አንጓዎቹን አንድ በአንድ ስትጫን ሕመሙ ትከሻው ድረስ ዘለለ።

እንዳላማው ከበሽታው ስም ይልቅ ሌላ ነገር አስቸኮለው። «ስንፍና አይደለም?» አላት።

«ስንፍና ጠዋት አብጦ ከሰዓት አይጎድልም» አለችው። «ደምዎ አልመሰከረም፣ ራጁም አልመሰከረም። እጅዎ ግን መስክሯል።»

የአንጓ ብግነት ነው አለችው፤ በደም ምርመራ የማይታይ ዓይነትም አለው። መድኃኒቱን አስጀምራ ወር ጠብቃ እንደምታየው፣ ተሳስታ ከሆነም እንደምትለውጠው ነገረችው። ልሳሳት እችላለሁ የሚል ሐኪም እንዳላማው አይቶ ስለማያውቅ፣ ያመናት ከዚያች ቃል በኋላ ነው።

የወንፈሉ ዕለት ማለዳ ከማሳው ዳር ወንዶቹ በሬ ጠምደው ቆመው ነበር። እንዳላማው በሬዎቹን ጎረቤቱ እየነዳለት እሱ ባዶ እጁን ሲመጣ፣ ደመላሽ ሌሎቹን በዓይኑ ጠቀሰ፤ ከዚያም እንደ ወጉ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እህሳ አያ እንዳላማው፣ ጤናህ እንዴት ነው?» አለው።

እንዳላማው ሁለት እጁን እንዳበጡ ዘረጋለት። «ጨብጠኝ» አለው። ደመላሽ ጨበጠው፤ የተጨበጠው እጅ ግን መልሶ አልጨበጠውም። ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

«ጤናዬ ደህና ናት» አለ እንዳላማው። «ያመመኝ እኔ ነኝ።»

ራሱን ለብቻው እንዲህ የጠራ ሰው በዚያ ማሳ ተሰምቶ አያውቅም። ወንዶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ደመላሽ የእንዳላማውን በሬዎች ከጎረቤቱ እጅ ተቀበለና እርፉን ራሱ ያዘ። ትልም ከመጀመሩ በፊት ግን ዞር ብሎ፣ እሱንም ካቻምና ጀምሮ ጉልበቱን እንደሚወጋው፣ ነገር ግን ማንም ጠይቆት እንደማያውቅ ተናገረ። ቀጥሎ ያለው ወገቡን ጠቀሰ፤ ሌላው ትከሻውን።

ያን ቀን እርሻው አርፍዶ ተጀመረ።