ኮፍያ የደፉት ፊደላት

በጤና ጣቢያው መዝገብ ቤት የምትሠራውን ሴት ባልደረቦቿ «ሙጫ» ይሏታል፤ አንዴ የያዘችውን ነገር አትለቅምና።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዳቦ ቤት ውስጥ የምትሠራ ወጣት መስኮቷ ላይ ቆመች። ልትገባበት የፈለገችው የባቡር ነጂዎች ማሠልጠኛ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ የሆነውን አልቀበልም ብሏል።

«አክስቴ ሃያ ስድስት ሞልቶሻል ትለኛለች። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በእሷ አቆጣጠር ገና ሃያ አራት ነኝ። የተወለድኩት እዚሁ ነው። ምዝገባው በሚቀጥለው ሳምንት ዓርብ ይዘጋል።»

የያኔው የወረቀት መዝገብ ጣሪያው ሲያፈስ በስብሶ ተጥሏል። የቀረው የያኔዋ አዋላጅ ኮምፒውተር ላይ የጻፈችው ፋይል ብቻ ነው። ሙጫ ስትከፍተው ቁጥሩ ደህና ነው፤ ፊደሉ ግን ጉድ ሆኗል። ነጥብ የተሸከሙ፣ ኮፍያ የደፉ፣ ጭራ ያበቀሉ ባዕድ ፊደላት ገጹን ሞልተውታል። ቀኑ አለ፣ ክብደቱ አለ፤ የማን ልጅ እንደሆነ የሚናገር የለም።

የኮምፒውተር ጠጋኙ መጥቶ አየው። «ያኔ የተጻፈበት የፊደል ዓይነት ዛሬ የለም። ማሽኑ በሚያውቀው ፊደል እየተካው ነው። እርምሽን አውጪ፣ እህቴ።»

«ተቀየረ እንጂ ጠፋ አላልክም» አለችው።

«አልጠፋም። ግን ማን ቁጭ ብሎ ይፈታዋል?»

ሙጫ ገጾቹን አትማ በምሳ ሰዓት ስታገላብጥ አንድ ነገር አየች፦ መስመሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሁለት ቃላት በአንዱ ነው፤ አንዱ ባለ ሁለት ፊደል፣ ሌላው ባለ ሦስት። ወረቀቱን ጠቅልላ ጡረታ ወደወጣችው አዋላጅ ቤት ገሰገሰች።

«እትዬ፣ መስመሩን በምን ነበር የሚጀምሩት?»

«በመጣው ነዋ፣ ልጄ። ወይ ሴት፣ ወይ ወንድ።»

አምስት ፊደል በአንድ አፍ ተገኘ። ሙጫ የመድኃኒት ካርቶን ቀድዳ ሰንጠረዥ ሠራችበት። «ሴት» ላይ ያለችው «ት» ስትታወቅ «ክብደት» እና «እናት» ራሳቸውን አሳበቁ። በአንድ ቀን ከአንድ እናት ሁለት ልጅ የተመዘገበባቸውን ሁለት መስመሮች ሲያገኙ ደግሞ አዋላጇ ሳቀች። «የአስተማሪዋ መንታ ናቸው። ሁለተኛውን ሳልጠብቀው ነው የመጣብኝ» ብላ የእናትየዋን ስም ፊደል በፊደል ነገረቻት።

ሁልጊዜ አልቀናቸውም። «ለ»ን እና «ላ»ን አምታተው የሁለት ቀን ሥራ ገደል ገባ። አዋላጇ «በቃ፣ ዓይኔም ደከመ» ስትል ሙጫ መነጽሯን ጠርጋ መልሳ ሰጠቻት። «ያን ሁሉ ሰው ሲያዋልዱ ደክሞኛል ብለው ትተው ሄደው ያውቃሉ?» አሮጊቷ አጉረመረመች፤ ወንበሯን ግን ወደ ጠረጴዛው ሳበች።

ምዝገባው ሊዘጋ አንድ ቀን ሲቀረው የወጣቷ እናት ስም ተነበበ። ሴት፣ ሦስት ኪሎ ከሁለት መቶ። በቀኑ ሲቆጠር የወጣቷ ዕድሜ ሃያ አራት።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ ግን ብዕሩን አስቀመጠ። «በካርቶን ላይ በተሠራ ግምት ማኅተም አላደርግም።»

«እንግዲያው እርስዎ አንድ ቀን ይጥቀሱ፣ እኔ ላንብብ» አለች ሙጫ።

ኃላፊው ትንሽ አሰበና አንድ የነሐሴ ቀን ከነዓመቱ ጠራ። ሙጫ ጣቷን እየሳበች አነበበች፦ ወንድ፣ ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ፣ ቀጥሎ የእናትየዋ ሙሉ ስም። የኃላፊው ሚስት ስም ነበር።

«ሲወለድ አንድ እፍኝ ነበር» አለ ኃላፊው፤ «አሁን በር ሲገባ ጎንበስ ይላል።» ብዕሩን አነሳ።

ወጣቷ ማስረጃውን ይዛ ዓርብ ጠዋት ተመዘገበች። አክስቷ ለአንድ ሳምንት አኮረፈች አሉ። ጠጋኙም ሰንጠረዡን ወስዶ ማሽኑ ፋይሉን በሙሉ እንዲቀይር አደረገ፤ አሁን መስኮቱ ላይ የቆመ ሁሉ የእናቱን ስም በገዛ ፊደሉ ያገኛል። ገና ያልተፈቱ ሰባት ምልክቶች ግን አሉ። ሙጫና አዋላጇ ማክሰኞ ማክሰኞ እነሱን ይዘው ይቀመጣሉ።