ሰላሳ ሁለት ጅራት

በትርኢት ልብስ ስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ሁሉም «ወይኔ» ነው የሚላት። መርፌ ሲወድቅ «ወይኔ፣ የሰው እግር!» ትላለች። ሰማዩ ሲያጉረመርም «ወይኔ፣ ልጄ ሹራብ አልለበሰችም!» ትላለች። ስልክ ሲጮኽ፣ የማንም ስልክ ይሁን፣ እጇን ደረቷ ላይ ታደርጋለች። ስሙን ያወጣላት ቆራጩ ነው። ቆራጩ የሚቆርጠው ጨርቅ ብቻ አይደለም፤ የሰው ወሬም ከመሃል ይቆርጣል።

ያን ሰሞን የያዙት ሥራ ጅራት ነበር። የከተማው መዋኛ ገንዳ ለልጆች ትርኢት ሰላሳ ሁለት የባሕር ልጆች አዝዞ ነበር፤ ከወገብ በላይ ሰው፣ ከወገብ በታች ዓሣ። ከወገብ በላይ ያለውን እናቶቻቸው ወልደው ጨርሰዋል። ከወገብ በታች ያለው የስፌት ቤቱ ኃላፊነት ነበር።

ችግሩ ክንፉ ላይ ነበር። ጅራቱ አልቆ ሰፊው የዓሣ ክንፍ የሚጀምርበት ቦታ ውሃ ሲጠጣ ይለቃል። በማሽን ሰፉት፣ ለቀቀ። ደርበው ሰፉት፣ ለቀቀ። አንድ ከሰዓት በኋላ ወይኔ ናሙናውን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ልቧ የልጇ ሳል ላይ እንዳለ፣ በእጇ ሰፋችው። ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ከዚያ ቋጠሮ። ባልዲ ውስጥ ነከሩት። ቆራጩ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ይዘው ጎተቱት። ንቅንቅ አላለም።

«ምን ዓይነት ስፌት ነው እናንተ!» አለ ቆራጩ። «ይሄ እኮ ትዳርም ያጸናል።»

ወይኔ እጇ ምን እንደሠራ ያየችው ያን ጊዜ ነው። «ወይኔ!» አለች። በዚህ ጊዜስ በቂ ምክንያት ነበራት።

ስፌቱ የቤት ስፌት ነው። ወይኔን ያሳደጓት አክስቷ ናቸው፤ ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ሴቱ መረብ እየጠገነ ወንዱ ውሃ ላይ በሚውልበት ቤት። በዚያ ቤት ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው የቤቱ ትልቅ ሴት የካናቴራውን ጫፍ በዚያ ስፌት ትሰፋለታለች። ትርጉሙም ግልጽ ነው፦ ውሃ ወስዶ የትም ቢጥለው፣ ያገኘው ሰው ጫፉን አይቶ ወደ እኛ ያምጣው፤ የኛ ነው። ለጌጥ አይሰፋም። ከቤቱ ውጭ ላለ ሰውም አይሰፋም።

የወይኔ ልጅ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ሰባት ዓመት ይሞላታል። ልጅቷ ከተማ የተወለደች፣ ጀልባን በሥዕል ብቻ የምታውቅ ናት። ከዘመዶቹ «ለሷ ደግሞ ምን ይሠራላታል?» ያሉ አልጠፉም። «መጥቼ እሰፋላታለሁ» ያሉት አክስት ናቸው። ወይኔ ይህችን ቅዳሜ ልጇን ከወለደች ጀምሮ ስትጠብቅ ኖራለች። ናሙናውን ልትተረትር መቀሷን አነሳች፤ ግን ዲዛይነሯ ቀድማ ደረሰች።

ዲዛይነሯ ክፉ ሴት አልነበረችም። ባለፈው ዓመት ለአንድ ትርኢት የሌላ ሕዝብን የሙሽራ ጌጥ ለባሕር ልጅ ጡት መያዣ አድርጋ ሰፍታ አገር ጮኾባት ነበር። ከዚያ ወዲህ ስለ አክብሮት የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዳ የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አስገብታ ከመተኮሻ ጠረጴዛው በላይ ሰቅላለች። ስፌቱን ስታይ ተቀመጠች።

«ይሄ ነፍስ አለው» አለች። «ከየት ያመጣሽው ነው?»

«እንዲሁ… የድሮ ሰዎች ነው።»

«የየትኞቹ ሰዎች? ባለቤቶቹን ሳላስፈቅድ አንዲት መርፌ አልሰካም። ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ጫማዬን አውልቄ ነው የምገባው።»

ወይኔ ዲዛይነሯ ባዶ እግሯን አክስት ደጃፍ ላይ ስትቆም ታያት። አክስት «ለመሆኑ ማን ነው ያሳየሽ?» ሲሉም ተሰማት።

«የሉም» አለች።

«እንዴት የሉም?»

«የሉም በቃ። አልቀዋል።»

ዲዛይነሯ አፏን በእጇ ያዘች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ከእንባው ጋር ግን ትንሽ እፎይታም ነበረበት። ያለቀ ሕዝብ አይጠየቅም፤ ይታሰባል እንጂ። «እንግዲያውስ ሰላሳ ሁለቱንም በዚሁ ስፊያቸው» አለች። «መታሰቢያ ይሆናቸዋል።»

ወይኔም በአንድ ቃል አክስቷን፣ የአክስቷን ታናሽ እህት፣ ሰባት የአክስት ልጆችንና ራሷን ገድላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

በሳምንቱ ጅራቶቹ ላይ የሚንጠለጠሉ ካርዶች ከማተሚያ ቤት መጡ። ወይኔ ማክሰኞና ሐሙስ ከሥራ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ትማራለች፤ ጉልበት በማያስገባ የልጆች ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊደል ትቆጥራለች። አንዱን ካርድ አንስታ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያስኬደች አነበበች። «ይህ… ስፌት… ከምድር… ገጽ… ለጠፉት… የሐይቅ… ሰዎች… መታሰቢያ… ነው።» ከሥር ደግሞ «በአክብሮት» ይላል። ያለ አስተማሪ አንብባ የጨረሰችው የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይሄ ነበር። መርዶዋን ራሷ ለራሷ አነበበች።

«እያለቀስሽ ነው እንዴ?» አላት ቆራጩ።

«ማንበብ ቻልኩ» አለችው።

አክስት የሚጠበቁት ዓርብ ማታ ነበር። ሐሙስ ጠዋት መጡ። የቤት ቁልፍ ሊቀበሉ ስፌት ቤቱን ጠይቀው አገኙት፤ በር ላይ እንደቆሙም ቤቱን ከዳር እስከ ዳር በተዘረጋ ገመድ ላይ ሰላሳ ሁለት ጅራት ተንጠልጥሎ አዩ። መነጽራቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። የመጀመሪያውን ክንፍ ጫፍ በሁለት ጣታቸው ገለበጡት። ሁለተኛውንም። ወይኔ ማሽኗ ሥር የወደቀ ነገር የምትፈልግ መሰለች። የወደቀ ነገር አልነበረም።

ዲዛይነሯ ከልጆቹ አያቶች አንዷ መሰሏት በፈገግታ ቀረበች። «ይገርማል አይደል እማማ? የጠፋ ሕዝብ ስፌት ነው።»

«የት ጠፉ?»

«ከምድር ገጽ።»

«መቼ?»

«በጣም ድሮ ነው እማማ።»

«እኔ የመጣሁት ዛሬ ጠዋት ነው» አሉ አክስት። «በአውቶቡስ።»

ማሽኖቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ቆራጩ እንኳ የሚቆርጠው አጣ። ዲዛይነሯ ክንፉን አየች፣ አክስትን አየች፣ ማሽን ሥር ያለችውን ወይኔን አየች፤ ሲገባት ጎንበስ ብላ ጫማዋን አወለቀች። ያስተማሯት እሱን ነበር።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ! ካርዱን እናስተካክላለን። ፎቶዎን እናደርግበታለን። ከፈለጉ የክብር አማካሪያችን ይሆናሉ…»

«ስንት ናቸው?»

«ምኖቹ?»

«ልጆቹ።»

«ሰላሳ ሁለት።»

አክስት ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ጥሩ። ስማቸውንና ቤታቸውን ጽፈሽ አምጪልኝ።»

«ለምን እማማ?»

«የኔ ናቸዋ! ስፌቱን የለበሰ የኛ ቤት ልጅ ነው። ሲያማቸው እጠራለሁ፤ ሲዳሩ እጠራለሁ። ክፉ አይንካቸውና ውሃ ቢወስዳቸው እኔ ቤት ነው የሚመጡት፤ ሐዘን የምቀመጠውም እኔ ነኝ። እነሱም እኔ ስሞት ይመጣሉ። ሰላሳ ሁለቱም፣ ከነእናቶቻቸው። ድንኳኑ ሰፋ ያለ ይሁን።»

«እኛ እኮ እማማ… በአክብሮት ነበር ያሰብነው።»

«አክብሮቱንማ አየሁት፤ ጽፋችሁ አንጠልጥላችኋል። እኔ የምፈልገው ዝርዝሩን ነው።»

ዲዛይነሯ በባዶ እግሯ ጓዳ ገብታ ለመዋኛ ገንዳው ደወለች። ስትጮኽ፣ ከዚያም ስትለማመጥ ተሰማ። ወጥታ «ወላጆቹ እንዲህ ያለ ነገር አይፈርሙም አሉ» አለች። «ስለዚህ ለእርስዎ ክብር ስንል ስፌቱን እንተረትረዋለን። በማሽን ይሰፋል። ካርዱ ግን ታትሟል እማማ፤ እሱን እንዴት አደርገዋለሁ?»

«ይሁን» አሉ አክስት።

እስከዚያ ድረስ ወይኔን አንዴም ቀና ብለው አላዩአትም። እንደ መረብ ቀዳዳ ነበር ያለፏት። አሁን ወንበራቸውን አጠገቧ አመጡና መተርተሪያውን ምላጭ ከእጇ ወስደው መቀሱን ተዉላት። አንድ ጅራት ለሷ፣ አንድ ጅራት ለራሳቸው እያሉ መፍታት ጀመሩ። አራተኛው ላይ ቆሙ።

«ይሄ ላልቷል።»

«አዎ አክስቴ።»

«በዚህ ነው ሰው ውሃ ላይ የምትለቂው?»

«ቸኩዬ ነው አክስቴ።»

«ደግሞ እኮ መስረቋ ሳያንስ!» ምላጩን ወደ አምስተኛው አዞሩ። «ለመሆኑ አልቀዋል ያለው ማን ነው?»

ወይኔ መቀሷን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «እኔ ነኝ።»

«ሁላችንንም?»

«ሁላችሁንም። ራሴንም ጭምር።»

«ታናሽ እህቴንም?»

«እሳቸውንም።»

አክስት ትንሽ አሰቡ። «እሷስ ይሁን» አሉና መተርተራቸውን ቀጠሉ።

ቆራጩ ሳቁን በጨርቅ ውስጥ ቀበረ። ወይኔ ግን አልሳቀችም፤ ከሆዷ ያልወጣ አንድ ጥያቄ ነበራት። ሰላሳኛው ጅራት ላይ «አክስቴ፣ ቅዳሜ…» አለች።

«ቅዳሜማ ቅዳሜ ነው» አሉ አክስት። ሰላሳ አንደኛውን ጅራት ሳቡ።

ቅዳሜ ጠዋት ልጅቷ ታጥባ፣ ተበጥራ፣ በሰባት ዓመት ኩራት ወንበር ላይ ቆመች። አክስት ነጩን ካናቴራ አለበሷት። ልጅቷ ክሩን በመርፌው ቀዳዳ አስገባችላቸው፤ እሳቸውም መርፌውን ይዘው ቆዩ። ከዚያ ለወይኔ ዘረጉላት።

«እኔ አልሰፋም።»

«ወይኔ!» አለች ወይኔ። «አክስቴ፣ በኔ ጥፋት ልጄን…»

«ምን ያስለቅስሻል? ሰላሳ ሁለት ላይ ተለማምደሽ የለ? ስፊ። የኔ ዓይን ከዚህ በኋላ ለመንቀፍ ብቻ ነው።»

ወይኔ ተንበረከከች። ሦስት ወደፊት፣ አንድ ወደኋላ፣ ቋጠሮ። አክስት ሁለት ጊዜ አስፈቷት። በሦስተኛው ልጅቷ «እማዬ፣ እግሬ ደነዘዘ» አለች፤ እናትና አክስት በአንድ አፍ «ቁሚ!» አሏት። ሲያልቅ አክስት ጫፉን በሁለት ጣታቸው ገለበጡ፣ ሳቡት፣ ልጅቷም አብራ ተሳበች። ምንም አልተናገሩም። ከሳቸው አፍ ይሄ ምርቃት ነበር።

እሑድ ትርኢቱ ነበር። ዲዛይነሯ ሦስት መግቢያ ሰጥታቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጡ፤ ልጅቷ ካናቴራዋን ለብሳ መሃል። ሰላሳ ሁለት የባሕር ልጆች ገንዳው ዳር ተደረደሩ፤ በእያንዳንዷ ክንፍ ላይ የጠፋው ሕዝብ ካርድ ተንጠልጥሏል። ስፌቱ ግን የለም። ሙዚቃው ሲጀምር እንደ ዶቃ ተከታትለው ውሃ ውስጥ ገቡ።

የማሽኑ ስፌት አስር እስኪቆጠር እንኳ አልቆየም። አረንጓዴ ክንፎች አንድ በአንድ እየለቀቁ ተንሳፈፉ። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ፤ ዲዛይነሯ ፊቷን የምስክር ወረቀቷን በሚያክል ማራገቢያ ሸፈነች። ወይኔ ግን ክንፎቹን አላየችም። የምታየው ራሶቹን ነበር። ስፌቱ ቢፈታም በሷ እጅ አንዴ ተሰፍቷል። ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ ትቆጥራለች። ሃያ ስምንት። ሃያ ዘጠኝ። ሰላሳ። ሰላሳ አንድ።

ውሃው ላይ አንድ ክንፍ ብቻውን ይሽከረከራል፤ ካርዱ ፊቱን ወደ ላይ አድርጓል። ሌላ ራስ የለም።

«ወይኔ!» ብላ ተነሳች።

ገንዳው ጥግ ላይ አንዲት ልጅ ውሃ እየተፋች፣ እየሳቀች ብቅ አለች፤ ከወገቧ በታች ሁለት የሰው እግሮች በደስታ ይራገጣሉ።

«ሰላሳ ሁለት» አለ ከልጅቷ ማዶ አንድ ትንፋሽ።

ወይኔ ዘወር አለች። አክስት ሻሻቸውን ያስተካክላሉ።

«ምን አሉ አክስቴ?»

«እኔ? ምንም አላልኩም» አሉ አክስት። «ይልቅ ያቺ መጨረሻ የወጣችው ከንፈሯ ጠቁሯል። እናቷ ወዴት ናት? ሂጂ፣ ፎጣ አምጪላት በያት።»