የዊኒፍሬድ መኪና

የካሪስ ሥራ አሮጌ መኪና ማፈላለግ ነበር። እሑድ እሑድ ማታ አገር ምድሩ የሚያየው የቴሌቪዥን የመኪና ፕሮግራም ሃያ ዓመት ሙሉ መኪና ሲያስሮጥ፣ ሲያጋጭ፣ ሲያቃጥል ኖሯል። የሚሮጠውንም የሚቃጠለውንም አስሳ የምታመጣው እሷ ናት።

በመጋቢት ሃደርስፊልድ በምትባል የእንግሊዝ ከተማ ከሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ቡናማ የቤት መኪና ገዛች። ሽማግሌው፣ ሚስተር ኦልድሮይድ፣ ሚስታቸው ዊኒፍሬድ ከሞተች ወዲህ መኪናዋን በየሳምንቱ ከማጠብ በቀር ነድተዋት አያውቁም። ቁልፉን አልለቅ ብለው፣ "ዊኒፍሬድ ሠላሳ ዓመት የነዳቻት ናት። አትሰብሯትም አይደል፣ የኔ ልጅ?" አሏት።

"ኧረ በጭራሽ! ስኮትላንድ ሽርሽር ነው የምትሄደው" አለች ካሪስ። ያኔ እውነቷን ነበር።

የቀረጻው ሳምንት ግን ዝናቡ አላባራ አለና ጉዞው ተሰረዘ። አዘጋጁ ጃይልስ፣ ቡድኑን አንድ የድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሰብስቦ፣ "መኪናዋን በክሬን ሰቅለን እንልቀቃት" አለ።

"ጃይልስ፣ ለሰውዬው እኮ ቃል ገብቼላቸዋለሁ!"

"ለዚች ቆርቆሮ? በይ እንግዲያው አብረሻት ተሰቀይ!"

ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ካሪስም አፍራ አብራ ሳቀች። መኪናዋ ወርዳ ስትጨፈለቅ ከማየቷ ይልቅ ኋላ እንቅልፍ የነሳት ያ የራሷ ሳቅ ነው።

ፕሮግራሙ በሚተላለፍበት እሑድ ሃደርስፊልድ ሄደች። ሚስተር ኦልድሮይድ ሱፍ ለብሰው፣ ክራቫት አስረው በሩን ከፈቱላት። ሳሎኑ ውስጥ ወንበር ተደርድሯል፤ ሳንድዊች ተሠርቷል። ለካ ፕሮግራሙን አብረው እንዲያዩ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርተዋል።

እዚያው ደጃፉ ላይ ነገረቻቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

"ታዲያ ለሰዎቹ ማን ይንገራቸው?"

"ከፈለጉ ደውለው እንዳይመጡ..."

"የለም። ግቢ። አንቺ ትነግሪያቸዋለሽ።"

ሰባት ሰው መጣ። ካሪስ ተነሥታ አፏን ስትከፍት የፕሮግራሙ ሙዚቃ ጀመረ።

"ቁጭ በይ እስቲ ልጅት፣ አትጋርጂን!" አላት ክሊፍ የሚባል ጎረቤት። ተቀመጠች። ቆማ ለመናገር ድፍረት አጣች።

መኪናዋ ተሰቀለች፤ ተለቀቀች። የስቱዲዮው ተመልካች በሳቅ ፈረሰ። ክሊፍም ከት ብሎ ጀመረና ሚስቱ በክርኗ ስትጎስመው መሃል ላይ ዋጠው።

"ይቺ የዊኒፍሬድ አይደለችም እንዴ?" አለች ሚስቱ።

ሚስተር ኦልድሮይድ ተነሥተው የሳንድዊቹን ሳህን አዞሩ። "ብሉ እንጂ፤ ዳቦው ይደርቃል።" ማንም እጁን አልሰደደም።

"አይሰብሯትም ብዬ የወሰድኳት እኔ ነኝ" አለች ካሪስ። "ሲሰብሯትም ቆሜ ስቄያለሁ።"

ሚስተር ኦልድሮይድ ቀና ብለው አላዩዋትም። "ኮትሽ በሩ ጋ ተሰቅሏል" አሉ።

ከዚያ ወዲያ ካሪስ ለማንኛውም ሻጭ አስቀድማ፣ "ሊሰብሯት ይችላሉ" እያለች መናገር ጀመረች። አብዛኛው ሰው በሩን ዘጋባት። በመስከረም የሥራ ኮንትራቷ አልታደሰም። ለሚስተር ኦልድሮይድ ሁለት ደብዳቤ ላከች፤ መልስ ግን አልመጣም።