ለእትዬ ሳሌሃ የቆረጥኩት

ሰው ሱቄ ገብቶ «ምን የሚታይ ተከታታይ አለ?» ሲለኝ መልሴ ጥያቄ ነው፤ «ከማን ጋር ነው የምታየው?» እለዋለሁ። ቡታጅራ መናኸሪያ አካባቢ ፍላሽና ስልክ ላይ ፊልም የሚጭነው ብዙ ነው፤ ይህን የሚጠይቅ ግን ከእኔ ሌላ አላየሁም። ብቻውን የሚያይ ጎረምሳ ያሻውን ይይ፣ ሒሳቡ ከአላህ ጋር ነው። ከአባቱ ጋር የሚያይ ሰው ነገር ግን ሌላ ነው። ቴሌቪዥኑ ላይ ሁለት ሰዎች ፊታቸውን ማቀራረብ ሲጀምሩ ቤት ውስጥ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አባት ሳል ይይዘዋል፣ እናት ያልጣደችውን ወጥ ልታይ ትነሳለች፣ ልጅ ሪሞት ፍለጋ ትራስ ይገለብጣል።

ስለዚህ እኔ እቆርጣለሁ። ድራማውን ኮምፒውተር ላይ ከፍቼ መሳሳሙን፣ አልጋውን፣ ስካር የበዛበትን አወጣና ጫፍና ጫፉን እገጥማለሁ። «የፈቲሀ ፍላሽ» ከተባለ ሐጂ ፊት ሳይፈራ ይከፈታል። ሙስተፋ የሚባል ባጃጅ ነጂ ደንበኛዬ «አንቺ እኮ ቀዶ ሐኪም ነሽ» እያለ ያሾፍብኛል። ይሹፍ፤ ለእናቱ የሚወስደው ከእኔ ነው።

እትዬ ሳሌሃ ተከታታይ ጫኚልኝ ብለው ፍላሽ ሲልኩብኝ ግን ምን እንደምጭን ጨነቀኝ። እትዬ ሳሌሃ የአብዱልሃፊዝ እናት ናቸው። አብዱልሃፊዝ ወልቂጤ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ እኔን ሊያገባ የሚፈልግ፣ እኔም የምፈልገው ሰው ነው። ሽማግሌ ወደ ቤታችን ሊላክ የታሰበው ለእሁድ ነበር። እናቱ የታወቁ የበርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ እግራቸውን ታመው ቤት በመዋላቸው ነው ድራማ ያማራቸው። «ተጀምሮ የማይተው ይሁን» ብለው ነበር መልእክቱ።

ለወደፊት አማት ድራማ መምረጥን የመሰለ ጭንቅ አላየሁም። የበቀሉን ብሰጣቸው ቂመኛ ናት ይሉኛል። የነፍሰ ገዳዩን ብሰጣቸው እንዲህ ያለ ነገር የምታይ ልጅ ምን ዓይነት ናት ይላሉ። ሁለት ሚስት ያለበትን መስጠትማ አይታሰብም። በመጨረሻ «የዘህራ መርፌ» የሚባለውን፣ በአማርኛ የተተረጎመውን የቱርክ ድራማ መረጥኩ። ያየው ሰው ሁሉ ምሳውን ረስቶ ነው የጨረሰው። ዘህራ ልብስ ሰፊ ናት፤ አግብታ አማቷ ቤት ትገባለች፤ ከዚያ ነገሩ ይመጣል።

መሳሳሙን እንደልማዴ አወጣሁ። መሃል ላይ ስደርስ ግን አማቷ ዘህራን ጠርታ የስፌት ሱቅሽን ዝጊ የምትልበት ክፍል መጣ። ዘህራ ቆማ አንድ በአንድ ትመልስላታለች። እኔ ያንን ክፍል ለራሴ ስንቴ እንዳየሁት አላህ ይወቀው። መሳሳም የለበት፣ አልጋ የለበት፣ ሴት ልጅ ትናገራለች፣ በቃ። እሱንም ቆረጥኩት።

ምክንያቱን ልናገር። አብዱ አንድ ቀን እንደዘበት፣ «እማዬ ከኒካሕ በኋላ ሱቁን ትዘጋለች ብላ ነው የምታስበው» ብሎኝ ነበር። መናኸሪያ አጠገብ፣ ጎረምሳ በተሰበሰበበት፣ የልጃቸው ሚስት ፊልም ስትጭን መዋሏ አይዋጥላቸውም አሉ። አንተስ ምን አልካት ብዬ ብጠይቀው፣ ዝም አልኩ አለኝ። እኔም ዝም አልኩ። ያንን ክፍል ቢያዩ ነገር በምሳሌ የላክሁባቸው እንደሚመስላቸው ታየኝና ፈራሁ። ዋናውንም ኮፒ ቦታ ይይዛል ብዬ አጠፋሁትና ፍላሹን ላክሁላቸው።

ሐሙስ ዕለት እትዬ አደይ ሱቅ ገቡ። ከቡኢ እየመጡ ከእትዬ ሳሌሃ በርበሬ የሚረከቡ ነጋዴ ናቸው። ቤታቸው ዲሽ ስላለ «የዘህራ መርፌ»ን በቴሌቪዥን ተከታትለው ጨርሰውታል፤ ሌላ ጥሩ ነገር እንድጠቁማቸው ፈልገው ነው የመጡት። ስለ አንድ የሐኪሞች ድራማ እየነገርኳቸው ሳለ፣ በጨዋታ መሃል፣ ትናንት ከሳሌሃ ጋር ሲከራከሩ እንደዋሉ አነሱልኝ። እሳቸው ዘህራ ለአማቷ የመለሰችበትን የሚያክል የለም ሲሉ፣ እትዬ ሳሌሃ ደግሞ ልጅቷ አንድም ቃል አልመለሰችም፣ አማቷ ተቆጣች፣ ወዲያው ልጅቷ ሽንኩርት ስትከትፍ ታየች ብለው ድርቅ አሉ። ደግመው ቢያዩት እውነትም የለም። እትዬ አደይ ፍላሹ ተበላሽቶ እንደሆነ ጠየቁኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ አዎ ይሁን አይደለም ራሴም አላወቅሁትም።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እትዬ አደይ ገና ከሱቅ ከመውጣታቸው ስልኬ ጮኸ። እትዬ ሳሌሃ ነበሩ። ነገ ከሰዓት፣ ከዐስር ሰላት በኋላ ብቅ ብዬ ፍላሹን እንድመለከትላቸው ጠየቁኝ። ድምፃቸው ለስላሳ ነበር፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

አብዱ ጋ ደወልኩ። ብዙም ሳያስብ «ቫይረስ በልቶት ነው በያት» አለኝ። እናቱ ቫይረስ የሚባል ነገር እንደሚፈሩ፣ ከዚያ ወዲያ እንደማይጠይቁኝ አስረዳኝ። የሱቁስ ነገር ብዬ ብጠይቀው፣ እሱን ቀስ ብለን እንደርስበታለን አለ። የአብዱ «ቀስ ብለን» አንድ ዓመት አልፎታል። ተናድጄ ስልኩን ዘጋሁበት፤ ያም ሆኖ ቫይረሱን በልቤ ያዝኩት። ሌላ መውጫ አልነበረኝም።

በማግስቱ እንደ ምራት ሳይሆን እንደ ፍላሽ ጠጋኝ ሆኜ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «ቫይረስ ነው፣ ቫይረስ ነው» እያልኩ እለማመዳለሁ።  እሁድ ሽማግሌ ቢቀር ሰፈሩ ምን እንደሚል፣ እናቴ ጎረቤት ፊት እንዴት እንደምትቆም፣ አብዱም ያኔ እንደልማዱ ዝም እንደሚል አስባለሁ። ሁለቴ ልመለስ ብዬ ነበር።

እትዬ ሳሌሃ የታመመ እግራቸውን ትራስ ላይ ዘርግተው፣ ምርኩዛቸውን አጠገባቸው አድርገው ተቀምጠዋል። ባለቤታቸው ሐጂ ከድሮ ጥግ ይዘው የመስበሃቸውን ዶቃ ይቆጥራሉ። ድራማ አላይም ይላሉ አሉ፤ ግን የዘህራ ወንድም ከእስር ተፈታ ወይ ብለው ቀድመው የሚጠይቁት እሳቸው ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ ስለ እናቴ ጤና ተጠየቅሁ፣ ሻይ ቀረበልኝ። ሻዩን ማንሳት አልቻልኩም።

እትዬ ሳሌሃ ሪሞቱን ተጫኑ። አማቷ ተቆጣች። ወዲያው ሽንኩርት። ምስሉን እዚያው አቆሙት።

«እዚህ ጋ ምን ነበረ?»

ቫይረሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የሐጂ መስበሃ ቀጥ አለ። እትዬ ሳሌሃ ገበያ ላይ ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ሲቀርብላቸው የሚያዩት አስተያየት አለ፤ እንደዚያ አዩኝ። ልዋሽ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት» አልኩ።

መሳሳም ነበረበት ወይ አሉኝ፤ የለበትም አልኩ። ታዲያ ምን ነበረ ሲሉኝ፣ ዘህራ ሱቄን አልዘጋም የምትልበት መሆኑን፣ እሳቸውን ያስቀይማል ብዬ መፍራቴን ነገርኳቸው። እትዬ ሳሌሃ ሪሞቱን አጠገባቸው አስቀመጡ። 

«ልጄ፣ ገና ሳትገቢ ይህን የቆረጥሽብኝ፣ ቤቴ ከገባሽማ ምን ምኑን ልትቆርጪብኝ ነው?»

አፈርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እሁድ ቀረ፣ አለቀ፣ አልኩ በልቤ። ሙሉውን እንዳመጣላቸው አዘዙኝ፤ ማጥፋቴን ስነግራቸው ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው አንቺ ንገሪኛ። ምን አለች?»

ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ምንጣፉን እያየሁ ጀመርኩ። ዘህራ «እማማ» አለች አልኩ። ይህን መርፌ ከእናቴ ቤት ይዤው ነው የመጣሁት አለች፣ ልጅዎ ሲወደኝም እጄ ላይ ነበረ አለች። እዚህ ድረስ ቃሉ የዘህራ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ጠፋኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ያየሁት ክፍል አንድ መስመር እንኳ ሊመጣልኝ አልቻለም፤ አፌ ግን አልቆመም።

«እርስዎ በርበሬ ተሸክመው ልጅ ያሳደጉ ሰው ነዎት። እጦርዎታለሁ፣ ቤትዎንም እይዛለሁ፣ ሱቄን ግን አልዘጋም። ከዘጋሁት ለእርስዎ የምትመጣው ሌላ ሴት ናት። አብዱም እሷን አያውቃትም።»

ዘህራ አብዱ የሚባል ሰው እንደማታውቅ የገባኝ ተናግሬ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ሐጂ ከድሮ ቀስ ብለው አቀረቀሩ። ጆሮዬ ጋለ፤ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ሸጎጥኩ። 

«አማቷስ ምን አለቻት?» አሉ እትዬ ሳሌሃ በመጨረሻ።

«ምንም አላለች። ተነስታ ወጣች።»

እትዬ ሳሌሃ ምርኩዛቸውን አዩት፤ እጃቸው ሊደርስበት ይችል ነበር። አልተነሱም። ሪሞቱን አንስተው ቴሌቪዥኑን አጠፉና ወደ እኔ ዞሩ።

«ሱቅሽን ማታ ማታ በስንት ሰዓት ነው የምትዘጊው?» አሉኝ።