የትከሻው ነጥብ

የላብራቶሪው ኃላፊ ፕሮፌሰር ከጀርባው “ፐርሰንት” ይባላል። ደህንነትዎን እንኳ በመቶኛ ቢነግሩት ደስ የሚለው ሰው ነው። ሰሞኑን ፊቱ ፈክቷል። ለዶክትሬቷ የምትማር አንዲት ልጅ የሠራችው ሰው ሠራሽ ጡንቻ ጉድ እያሰኘ ነበርና፣ “ሠላሳ ፐርሰንት ያጥራል!” እያለ በኮሪደሩ ያገኘውን ሁሉ ያቆማል።

ጡንቻው ሲያዩት የሚያስቅ ነገር ነው፤ በመረብ የተጠቀለለ የጎማ ቱቦ። አየር ሲገባበት ያብጣል፣ ሲያብጥ ያጥራል፣ ሲያጥር ሰው ሠራሽ ክንድ ያነሳል። ክንዱ የተሠራው ለታላቅ ወንድሟ ነው። አናጢ ነበር፤ ቀኝ እጁን ከክርኑ በላይ የመጋዝ ማሽን ወሰደበት። እሷም “በገዛ እጅህ ውሃ ሳትጠጣ አልመረቅም” ብላ ምላለች። እንግዲህ ጡንቻው እምቢ ካለ የእሷም ምርቃት፣ የእሱም ክንድ ውሃ በላቸው ማለት ነው።

አለካኩ ቀላል ነው። ሰው ሠራሹ እጅ አንጓ ላይ ነጭ ነጥብ ይለጠፋል፣ ካሜራው ይቀርፃል፣ ኮምፒውተሩ ነጥቧ ከምስል ወደ ምስል ምን ያህል ከፍ እንዳለች ተከትሎ ጡንቻው ስንት እንዳጠረ ያሰላል። ልጅቷ ነጥቧ ጎላ ብላ እንድትታይ ካሜራውን እጁ አጠገብ ደቅናዋለች፤ ሌላው የወንድሟ አካል ከምስሉ ውጭ ነው። ዓይኗንም ከስክሪኑ አትነቅልም። እጁ የያዘው የውሃ ኩባያ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ሳትዞር፣ “ጋሼ፣ አየኸው?” ትላለች።

“አየሁት እንጂ!” ይላል ላቡን እየጠረገ። ለምን እንደሚያልበው የጠየቀው የለም።

ፐርሰንት እንግዶች ሊያመጣ ሆነ። “ሰውየው ሙሉ በሙሉ ይታይ፣ ቪዲዮው ያምራል” ብሎ ካሜራውን ወደ ኋላ አስጎተተ። ልጅቷም ለወጉ ያህል የወንድሟ ትከሻ ላይ ሌላ ነጥብ ለጠፈችና ሞከሩት።

ኮምፒውተሩ ሁለት መስመር አወጣ፤ አንዱ የእጁ፣ አንዱ የትከሻው። እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ። ይባስ ብሎ ትከሻው አየሩ ቱቦው ውስጥ ሳይገባ ቀድሞ ይነሳል። ከስክሪኑ ዞራ ወንድሟን አየችው።

“ጋሼ፣ አንተ ነህ እንዴ የምታነሳው?”

ወንድሟ መሬት መሬት አየ። “ምን ላድርግ? የመጀመሪያ ቀን ንቅንቅ አላለም። ፊትሽን ሳይ አንጀቴ አልችል አለ። እንድትመረቂ ብዬ ነው።”

“እኔ እኮ የምለፋው አንተ እጅ እንዲኖርህ ነው!”

“ቆይ፣ ቆይ” አለ ፐርሰንት። “ኩባያው ተነስቷል አይደል? ሲደመር ያው ነው። ያቺን የትከሻ ነጥብ አንሺልኝና እንግዶቻችንን እንቀበል።”

አላነሳችም። ቀበቶ አምጥታ የወንድሟን ትከሻ ከወንበሩ መደገፊያ ጋር ጥፍር አድርጋ አሰረችው። “ብትነቃነቅ ወንድሜ አይደለህም!” አለችው።

አየሩን ለቀቀች። ጎማው ተነፋ፣ መረቡ ተወጠረ።

“አራት ፐርሰንት! አለቀልን!” ብሎ ፐርሰንት ስክሪኑ ፊት ራሱን ያዘ።

እሷ ስክሪኑን አላየችም። ኩባያው ከጠረጴዛው የጣት ውፍረት ያህል ለቆ ተንጠልጥሏል። ወንድሟ የታሰረ ትከሻውን አየ፣ ኩባያውን አየ፣ መልሶ ትከሻውን አየ።

“እኔ አይደለሁም!” ብሎ ጮኸ፣ እንባው እየወረደ። “እማዬ ትሙት፣ ይቺን እኔ አላነሳኋትም!”