ዘግይቶ የሚያልቅ ድምፅ

መምህር አሳምነው ከስብሰባም ሆነ ከለቅሶ ቤት ሳይጣላ አይወጣም ይባላል። ጡረታ ከወጣና ሚስቱ ገነቴ ከሞተች ወዲህ ግን የሚጣላው ሰው እያነሰ ሄዶ፣ በመላው ሆሳዕና ከተማ የቀረው የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ነጋዴው ይበልጣል ብቻ ነበር።

የሚጣሉት በስፒከር ነው። ሱቁ ውስጥ ከአንድ የተዘጋ ሆቴል ከነአምፕሊፋየሩና ከነካሴት ማጫወቻው የተገዛ፣ የእንጨት ሳጥን ያለው አሮጌ ጥንድ ስፒከር አለ። አጠገቡ ፍላሽ የሚጎርስ፣ ፊቱ ላይ ቀይ መብራት የሚያበራ አዲስ ተቀምጧል። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፤ የአሳምነው ቁጠባ ግን ከአንዱ አያልፍም።

አዲሱን በደረሰበት ሁሉ ያወግዘዋል። ደረት ይደበድባል እንጂ ቃል አያሰማም፤ የሚገዛው ትውልድም እንደዚያው ነው ይላል። ይበልጣል አንድ ቀን፣ «ጋሼ፣ አሮጌው ቢበላሽ መለዋወጫ ከየት ያመጣሉ?» ቢለው፣ «እኔስ ብበላሽ ከየት ይመጣልኛል?» አለው።

ስፒከሩን የፈለገው ለአንድ ካሴት ነው። ገነቴ ሳታገባ፣ አንጋጫ ሳለች፣ ከመዘምራን ጋር በከምባትኛ የዘመረችው ነው። የተቀዳው ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው አዳራሽ፣ በአንድ ማይክሮፎን ነበር። «እኔ ከኋላ ነበርኩ፤ ድምፄ አልገባም፣ አትድከም» ትለው ነበር። እሱ ግን በትንሿ ቴፑ ያገኛት ነበር። ስንኙ አልቆ ሁሉም ዝም ሲሉ አንዲት ሴት የመጨረሻውን ቃል ዘግይታ ትጨርሳለች። ገነቴ ስታወራም እንዲያ ነበረች፤ የጀመረችውን ሳትጨርስ አሳምነው እንኳ አያስቆማትም። ቴፑ ከተበላሸ ወዲህ ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የእሱ ሳል ብቻ ነው።

ቅዳሜ ገንዘቡንና ካሴቱን ይዞ ሄደ። ይበልጣል በአሮጌው አጫወተለት። አሳምነው እንደተከራከረውም ሆነ፤ ድምፁ ሁሉ ለየብቻው ተለይቶ ወጣ፣ የአንዱ ትንፋሽ ሳይቀር። ስንኙ አለቀ። ዘግይቶ የሚመጣውም መጣ። የሴት ድምፅ አልነበረም። የሁሉም ድምፅ ነበር፣ የወንዶቹም ጭምር፤ ከቆርቆሮው ጣሪያ ነጥሮ፣ ሳስቶ የተመለሰ።

አሳምነው አስደገመው። ከፊት ያሉትን አንድ በአንድ አዳመጠ። ገነቴ የለችም።

«አሸነፉኝ፣ ጋሼ» አለ ይበልጣል፣ ነገሩን ሳያውቅ። «የእርስዎ አሮጌ የሰው ትንፋሽ እንኳ ይለያል።»

አሳምነው ካሴቱን ወደ ፍላሽ እንዲገለብጥለትና በአዲሱ እንዲያጫውትለት ብቻ ጠየቀው። በአዲሱ ከበሮው ገነነ፤ ድምፆቹ እንደ ገንፎ ተላቆጡ። ማን ወንድ፣ ማን ሴት እንደሆነ አይለይም። ስንኙ ሲያልቅ አንዲት ሴት ዘግይታ ጨረሰች።

«ይሄን ጠቅልልልኝ።»

ይበልጣል ሳቀ። «እንዴ ጋሼ! በዚህ ዕቃ ስንት ዘመን ሲሰድቡኝ ኖረው?»

«ጠቅልል አልኩህ።»

ያን ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጣላ ከሱቁ ወጣ።

ቤቱ ገብቶ ስፒከሩን እሷ ትቀመጥበት በነበረው ወንበር ላይ አደረገና ከፈተው። ስለ ይበልጣል ሳቅ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፍቶ ነበር። ስንኙ አለቀ። አሳምነው ቃሉን ዋጥ አድርጎ፣ እስክትጨርስ ጠበቃት።