በክር የታሰረችው ቅጠል

«የእናት ሆድ ዥንጉርጉር» ይባላል፤ የእማዬ ሆድ እኔንም እታለምንም ማውጣቱ አሁንም ይገርመኛል። እታለም ታላቅ እህቴ ናት። ሥራዋ የታመመ ቅጠል መሣል ነው፤ ዋግ የመታው ስንዴ፣ ሻጋታ የወረሰው ወይን። የዕፅዋት በሽታ የሚጠናበት ላቦራቶሪ ቀጥሯት ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍታ ስትሥል ኖራ፣ በመጨረሻ ጤነኛ ነገር ያስጠላት ጀመር።

እማዬ ጓሮ ቲማቲም ታለማለች። አባባ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳትም ጉሮሯችንን የሚደፍንልንም ቲማቲሙ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ቅጠል ላይ ጥቁር ነጥብ አየችና እታለምን አስጠራቻት።

እታለም ተንበረከከች። ቅጠሏን ገልበጥ አድርጋ ከሥሯ ያለውን ነጭ ብናኝ ስታይ ፊቷ በራ። ባሏን እንኳ እንደዚያ አይታው አታውቅም።

«ምንድን ነው ልጄ? ልቀንጥሳት?»

«ኧረ እንዳትነኪያት! ብርድ ነው እማዬ፤ ራሱ ይለቃታል።»

ከእማዬ አሮጌ ሹራብ ቀይ ክር መዘዘችና ለምልክት ቅጠሏ ላይ አሰረች።

«ሌላ ባለሙያ ብንጠይቅስ?» ብል እማዬ ተቆጣችኝ። «የተማረ ይግደለኝ! ልጄ እያለችልኝ ማንን ነው የምጠይቀው?»

ዓመት ሙሉ ዝር ብላ የማታውቀው እታለም ከዚያ ወዲህ በየቀኑ መጣች። በርጩማዋን ቅጠሏ ፊት አስቀምጣ ትሥላለች። እማዬ «ናፍቄያት ነው» እያለች ሻይ ታቀርብላታለች፤ ከዚያ እንደ ልማዷ ቲማቲሙን ከላይ ውሃ ታርከፈክፍበታለች። በሽታው ከቅጠል ወደ ቅጠል የሚሻገረው በዚያው ውሃ ነው። እታለም ይህን አሳምራ እያወቀች ዝም ብላ ብሩሿን ታጥባለች። ግንዱ ጠቆረ፣ ፍሬው እየበሰበሰ ረገፈ፣ ጓሮው በሙሉ ተኛ። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ እታለም የመጨረሻውን ሥዕል ጨርሳ ዕቃዋን ሰበሰበች።

እታለም ላዘጋጀችው የሥዕል ትርኢት እማዬ ደህና ልብሷን ለበሰች። አዳራሹ ሞልቷል። አንዲት ቅጠል ከመጀመሪያው ነጥብ እስከ መበስበሷ ድረስ በተርታ ተሰቅላለች፤ እያንዳንዱ ሥዕል ላይ ቀይ ክር አለ። እማዬ ሹራቧን አወቀችው።

የላቦራቶሪው ዶክተር ማንነታችንን ሳያውቅ አጠገባችን ቆሞ ያስረዳ ጀመር። «ምች የሚባል የቲማቲም በሽታ ነው እናቴ። እዚች ላይ፣ የመጀመሪያዋ ጋ፣ ቅጠሏን ቀንጥሶ ያቃጠለ ሰው ማሳውን ባዳነ ነበር።»

«ይቺን የሣለችው ልጅ ያኔ ታውቅ ነበር?» አለችው እማዬ።

«እንዴታ! ከእኔ በላይ ነው የምታውቀው።»

እማዬ እጄን እስኪያመኝ ጨበጠችው። ያኔ እታለም በሰው መሃል እየተሽሎከሎከች መጣች።

«እማዬ፣ ወደድሽው?»

«ያምራል።» ግንባሯን ሳመቻት። «እኔ ስታመም ግን እንዳትመጪ።»

እታለም ቀልድ መስሏት ሳቀች፤ አጠገቧ የነበሩትም አብረው ሳቁ። እኔ ግን እናቴን አውቃታለሁ።

ክረምቱ ሲገባ እማዬ ተኛች። መድኃኒቷን የሰጠኋት እኔ፣ ያጠብኳት እኔ፣ ዓይኗን የከደንኩላት እኔ ነኝ። እታለም መርዶውን የሰማችው ከቀብር በኋላ ነው።

«ምን ሆና ነው? እንዴት ጀመራት?» እያለች በሩ ላይ ጮኸች።

«ብርድ ነው» አልኳትና በሩን ዘጋሁባት።